ድጎማው ከመከፈሉ በፊት እናንተም እዩት

ይድረስ፦ በያላችሁበት ላላችሁ የገበያ ውድድር ባለሥልጣናት፣ የገንዘብ ሚኒስቴር ኃላፊዎችና ሕግ አርቃቂዎች

ጤና ይስጥልኝ። ነገር ሳላበዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ሁለት ኩባንያዎች በድብቅ ተገናኝተው ዋጋ ቢቆርጡ ታውቁበታላችሁ። ቢሯቸውን ትበረብራላችሁ፣ ኢሜይላቸውን ታገላብጣላችሁ፣ ቆንጠጥ የሚያደርግ ቅጣትም ትጥላላችሁ። አንድ ትልቅ ድርጅት ተፎካካሪውን ልግዛ ሲል ደግሞ ፋይሉን ተሸክሞ እናንተ ደጅ ይመጣል፤ እሺ ሳትሉት ንቅንቅ አይልም። ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን መንግሥት ራሱ መጥቶ ከሁለት ተፎካካሪዎች ለአንዱ ገንዘብ ሲሰጥ፣ ግብር ሲምር፣ ዕዳ ሲሰርዝ ወይም ለብድሩ ዋስ ሲሆነው ከአብዛኞቻችሁ የምንሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ይሄ የፖሊሲ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም»።

እንዴት አይመለከታችሁም? ተጎጂው ያው ነው። ጥሩ ዕቃ በተሻለ ዋጋ ሲያቀርብ የነበረ ድርጅት ገበያውን ቢያጣ፣ ያሳጣው የተቀናቃኙ ተንኮል ይሁን የግምጃ ቤቱ ቸርነት ለእሱ ምን ለውጥ አለው? በሁለቱም መንገድ ሠራተኛ ያሰናብታል፣ በሁለቱም መንገድ በሩን ይዘጋል።

ልመናዬ አጭር ናት። ከፍ ያለ ድጎማ ለአንድ ኩባንያ ከመሰጠቱ በፊት የውድድር ባለሥልጣኑ ይየው፤ ያየውንም ለሕዝብ ያውጣው። ከመከፈሉ በፊት ነው ያልኩት። ከተከፈለ በኋላ የሚደረገው ነገር ምን እንደሚመስል ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ድጎማ ሁሉ ክፉ ነው ከሚሉት አይደለሁም። የግል ባለሀብት የማይደፍረውን ምርምር መንግሥት ቢደጉም፣ ጥቂት ሰው ብቻ ወደሚሳፈርበት ሩቅ መንደር አውቶቡስ እንዲሄድ ቢከፍል፣ ጎርፍ የወሰደውን ፋብሪካ መልሶ ቢያቋቁም ማን ይከፋዋል? የሚከፋው ድጎማው ለምን እንደተሰጠ፣ ስንት እንደሆነና ማንን ከገበያ እንደገፋ የሚጠይቅ ሰው ሲጠፋ ነው። ሰጪው ፖለቲከኛ ሪባን ይቆርጣል። ተቀባዩ ደስ ይለዋል። ከፋዩ ሕዝብ ደግሞ፣ ወጪው ለሁሉም ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ሳንቲም ስለሚሆን፣ አይሰማውም። የሚሰማው ተፎካካሪው ብቻ ነው። እሱም ሲጮህ ቀናተኛ ይባላል።

ደግሞ ድጎማ ሁሌ ድጎማ መስሎ አይመጣም። ቼክ ቢሆንማ ቀላል ነበር። የብድር ዋስትናን ጠጋ ብለን እንየው። ሁለት ድርጅቶች እያንዳንዳቸው 100 ሚሊዮን መበደር ፈለጉ እንበል። ባንኩ የሁለቱንም ሂሳብ አይቶ በዓመት 12 በመቶ ወለድ ይላል። ከዚያ መንግሥት ለአንደኛው «ባይከፍል እኔ አለሁ» ብሎ ይፈርምለታል። ባንኩ ከዚህ በኋላ የሚያየው የመንግሥትን ኪስ ስለሆነ ወለዱን ወደ 7 በመቶ ያወርድለታል። ከግምጃ ቤት አንዲት ሳንቲም አልወጣችም። በጀት ላይም የወጪ መስመር ላይኖራት ይችላል። ድርጅቱ ግን በዓመት 5 ሚሊዮን ተረፈው፤ በ5 ዓመት 25 ሚሊዮን ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ ዋጋ ይቀንሳል፣ የተፎካካሪውን ጎበዝ ባለሙያዎች በደመወዝ ያስኮበልላል፣ አዲስ ማሽን ይተክላል። ከውጭ የሚያይ ሰው ታዲያ «አቤት ጉብዝና!» ይላል።

ለዚህ ነው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ «ገንዘብ ተሰጠ ወይ?» ብሎ ብቻ የማያልፈው። ሌላ ጥያቄ አለው። ትርፉን የሚያሰላ አንድ የግል ባለሀብት በመንግሥት ቦታ ቢሆን ኖሮ ይህን ብድር፣ ይህን ዋስትና ወይም ይህን አክሲዮን በዚሁ ዋጋ ይሰጥ ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ መንግሥት እንደማንኛውም ነጋዴ ነግዷል፣ ይቅናው። አይደለም ከሆነ ጥቅም ሰጥቷል፣ ስለዚህ ሕጉ ይመለከተዋል። ይቺ ጥያቄ አንጀቴን ታርሰኛለች። ለማንም ትገባለች፣ ብዙ ሰበብም ትገፍፋለች።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። በ1957 በሮም የተፈረመው ውል ላይ ነበረ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዛሬ በኅብረቱ ውል አንቀጽ 107 እና 108 ውስጥ ይገኛል። መንግሥት ከሕዝብ ሀብት፣ ለተመረጡ ድርጅቶች፣ ውድድርን የሚያዛባና በአባል አገሮች መካከል ያለውን ንግድ የሚነካ ጥቅም ከሰጠ በመርህ ደረጃ ክልክል ነው። የሚፈቀድበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ምርምር፣ ወደኋላ የቀረ አካባቢ፣ የተፈጥሮ አደጋ፣ ሌላም። ፈቃጁ ግን የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን ነው፣ ፈቃዱም ከክፍያው ይቀድማል። ሳያስፈቅድ የከፈለና ድጎማው ከውሉ ጋር የማይሄድ ሆኖ የተገኘበት መንግሥት ገንዘቡን ከነወለዱ ከኩባንያው እንዲያስመልስ ይታዘዛል፤ እስከ 10 ዓመት ወደኋላ ተኪዶም ቢሆን። ትናንሾቹን ማንም አያሯሩጣቸውም። ከ2024 ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ለአንድ ድርጅት ከ300 ሺህ ዩሮ የማይበልጥ ድጋፍ ይህ ሁሉ ጣጣ አይነካውም።

የአፕልን ክስ ብዙ ሰው የግብር ጭቅጭቅ ብቻ ይመስለዋል። የድጎማ ክስ ነበር። የአየርላንድ ግብር መሥሪያ ቤት በ1991 እና በ2007 ለአፕል የሰጣቸው ሁለት ውሳኔዎች አሉ። በነሱ መሠረት እዚያ የተመዘገቡት ሁለት የአፕል ድርጅቶች አብዛኛውን ትርፋቸውን «የዋና መሥሪያ ቤት» እያሉ ይመዘግቡ ነበር። ኮሚሽኑ እንዳለው ያ ዋና መሥሪያ ቤት ሠራተኛም ቢሮም የሌለው፣ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ነገር ነው፤ ግብር አምጣ የሚለው አገርም አልነበረም። በኮሚሽኑ ስሌት ከሁለቱ አንደኛው በ2003 ከትርፉ 1 በመቶ ነበር የከፈለው። በ2014 ግን 0.005 በመቶ ብቻ። ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ ትርፍ 50 ዩሮ ማለት ነው። መደበኛው የአገሩ የኩባንያ ግብር 12.5 በመቶ ስለሆነ፣ ሌላው ተራ ድርጅት ከዚያው ሚሊዮን 125 ሺህ ያስረክባል።

በኦገስት 2016 ኮሚሽኑ እስከ 13 ቢሊዮን ዩሮ ከነወለዱ ይመለስ ብሎ ወሰነ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘቡ የሚመለስላት አየርላንድ «አልፈልግም» ብላ ከአፕል ጋር ተሰልፋ ፍርድ ቤት ሄደች! በ2020 የኅብረቱ ጠቅላላ ፍርድ ቤት የኮሚሽኑን ውሳኔ ሻረው፤ በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ የበላዩ ፍርድ ቤት ያንን ሽሮ የኮሚሽኑን ውሳኔ አጸና። ልብ በሉልኝ፣ ሰጪው መንግሥት ከተቀባዩ ጎን በቆመበት ሁኔታ «ቆይ እስቲ» የሚል ሌላ ተቋም ባይኖር ኖሮ ይህ ፋይል ከመሳቢያ አይወጣም ነበር። ኮሚሽኑ ሁሌ ያሸንፋል ማለትም አይደለም። በተመሳሳይ የግብር ክስ፣ በቡና ሻጩ ስታርባክስ ጉዳይ በ2019፣ በመኪና አምራቹ ፊያት ጉዳይ በ2022 ተረትቷል። ዳኛ አለበት፤ እንዲህም ነው መሆን ያለበት።

የአውቶቡሱ ነገርም የራሱ መልስ አለው። አልትማርክ የሚባል የጀርመን የአውቶቡስ ድርጅት አዋጪ ባልሆኑ መስመሮች ላይ ስለሚሠራ ከአካባቢው አስተዳደር ገንዘብ ያገኝ ነበር። ይሄ ድጎማ ነው ወይስ የሥራ ዋጋ? በ2003 የአውሮፓ ፍርድ ቤት የሥራ ዋጋ ነው የሚባልበትን መለኪያ አስቀመጠ። ግዴታው ቁልጭ ብሎ መጻፍ አለበት። ሂሳቡ የሚሠላበት መንገድ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ኪሳራ ከመጣ በኋላ «ሙሉልኝ» ማለት የለም። ክፍያው ለሥራው ከወጣው ወጪና ከተገቢ ትርፍ መብለጥ የለበትም። ድርጅቱም በጨረታ ካልተመረጠ፣ ወጪው በደንብ ከሚመራ ድርጅት ወጪ ጋር መነጻጸር አለበት። እኔ በበኩሌ ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ብዙ ጊዜ «ለሕዝብ አገልግሎት» እየተባለ የሚከፈለው የስንፍና ዋጋ ነውና።

አንዳንዱ ግን ያማል። የሃንጋሪ ብሔራዊ አየር መንገድ ማሌቭ ከመንግሥት ሲያገኘው የነበረው ድጋፍ ሕገወጥ ነው፣ ይመለስ ተብሎ በጃንዋሪ 2012 ተወሰነ። በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2012 ጠዋት አውሮፕላኖቹ ቆሙ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ ሲበር የኖረ ድርጅት ነበር። የቆጵሮስ አየር መንገድም በጃንዋሪ 2015 ተመሳሳይ ውሳኔ በወጣበት ቀን ነው በረራ ያቆመው። የእነዚህን ሠራተኞች ሐዘን እያየሁ ሕጉ ጎበዝ ነው ብዬ አላጨበጭብም። የምለው ይህን ነው፤ ጥያቄው ገና ከመጀመሪያው ብር በፊት ቢጠየቅ ኖሮ፣ ወይ ድርጅቱ በጊዜው ይስተካከል ነበር፣ ወይ ያ ሁሉ ዓመት በሕዝብ ገንዘብ ነፍሱ ተንጠልጥላ አትቆይም ነበር። ማስመለስ የሚባለው መሣሪያ ሲዘገይ ገዳይ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አንድ አህጉር ነው። ሌላው ዓለም እንዴት ነው?

አሜሪካ በውድድር ሕግ ቀዳሚ ከሚባሉት ናት። ሸርማን አክት የሚባለው የውድድር ሕጓ የወጣው በ1890 ነው። ግን በ1943 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ፣ በካሊፎርኒያ የዘቢብ ገበያ ላይ በተነሣ ክርክር፣ ሕጉ ክፍለ ግዛቶች እንደ መንግሥት የሚያደርጉትን ነገር ለመከልከል የወጣ አይደለም አለ። ከዚያ ወዲህ ክፍለ ግዛት ለኩባንያ ድጎማ ሲሰጥ የውድድር ሕጉ ዝም ነው። ውጤቱን ታውቁታላችሁ። አማዞን በ2017 ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤት ልከፍት ነው ሲል 238 ማመልከቻ ጎረፈለት። ኩባንያዎች ለገዢ መፎካከራቸው ቀርቶ መንግሥታት ለኩባንያ ይፎካከሩ ጀመር።

ዊስኮንሲን ውስጥ የሆነው ደግሞ ይብሳል። የታይዋኑ የኤሌክትሮኒክስ አምራች ፎክስኮን በ2017 የ10 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካና እስከ 13 ሺህ ሥራ ቃል ገባ፤ ክፍለ ግዛቱ በበኩሉ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚደርስ ማበረታቻ አዘጋጀለት። በ2021 ውሉ ሲከለስ ቃሉ ወደ 672 ሚሊዮን ዶላርና ወደ 1,454 ሥራ ወርዶ ተገኘ፣ ማበረታቻውም እስከ 80 ሚሊዮን ዶላር ብቻ እንዲሆን ተደረገ። የክፍለ ግዛቱ ጠበቆች ክፍያውን ከሥራ ቅጥር ጋር ማሰራቸው በጀ። የአካባቢው አስተዳደር ግን መሬቱን ገዝቶ፣ መንገዱንና የውሃ መስመሩን ዘርግቶ ጨርሶ ነበር።

ካንሳስና ሚዙሪ የሚባሉት ጎረቤት ክፍለ ግዛቶችማ አንድን ከተማ ከሁለት የሚከፍል ድንበር ላይ ቆመው ለዓመታት ኩባንያ ሲሻሙ ኖረዋል። ድርጅቱ ጥቂት መንገድ ተሻግሮ ቢሮ በለወጠ ቁጥር የግብር ቅናሽ ያገኛል፤ ሠራተኛው ያው፣ ሥራው ያው። በ2019 ሁለቱም ሰልችቷቸው በዚያ አካባቢ ይህን ላለማድረግ ተስማሙ። ያስማማቸው የውድድር ሕግ አልነበረም፤ የሰለቻቸው ኪሳቸው ነው።

አሁን እናንተው በየቀኑ ወደምትሠሩበት ሕግ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቀዳዳው ያለው እዚህ ነው። ከወጪ በታች መሸጥን ስትመረምሩ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር አለ፦ ይህ ድርጅት ዛሬ የከሰረውን ተቀናቃኞቹ ከጠፉ በኋላ ዋጋ ሰቅሎ ሊያካክሰው ይችላል ወይ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 ብሩክ ግሩፕ በተባለው ክስ ላይ ከሳሹ ይህን ካላስረዳ አይረታም ብሏል። አመክንዮው ገብቶኛል። ሊያካክሰው የማይችለውን ኪሳራ የሚሸከም ሞኝ ነጋዴ የለም፣ ስለዚህ ማካካስ ካልቻለ ርካሽ ዋጋው ለገዢው ሲሳይ ነው ይባላል። ጥሩ። ግን ኪሳራውን መንግሥት እየሞላለት ከሆነስ? እሱ ምን ማካካስ ያስፈልገዋል? እንደ ከሰረ ሊኖር ይችላል፣ እስከፈለገ ድረስ። ዋጋ መስቀሉም የግድ አይደለም። ፈተናችሁ ታዲያ «ማካካሻ የለም፣ ጥፋት የለም» ብሎ ያልፈዋል፤ ተቀናቃኙ ግን ከገበያ ወጥቷል። በሌላ አነጋገር ሕጉ በራሱ ገንዘብ የሚጫወተውን ተጫዋች ለመያዝ የተሠራ ነው፤ የሰው ገንዘብ የያዘውን አያየውም።

አውሮፓዎች እዚህ ላይ በመጠኑ ይሻላሉ፣ የማካካስ ማስረጃ ግዴታ አይደለም ብለዋልና። የጀርመን ፖስታ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። የአሜሪካው ጥቅል አመላላሽ ዩፒኤስ በ1994 አቤት አለ፤ ድርጅቱ በሕግ ለብቻው ከተያዘው የደብዳቤ ሥራ የሚያገኘውን ትርፍ ወደ ጥቅል ማመላለስ ሥራ እያሻገረ ከወጪ በታች ይሠራል ነው አቤቱታው። ኮሚሽኑ በ2001 ጥፋት አገኘበት፤ ድርጅቱም የጥቅሉን ሥራ ለይቶ በሌላ ኩባንያ ሥር ለማድረግ ተስማማ። 7 ዓመት! 7 ዓመት የሚታገስ ተፎካካሪ ከየት ይመጣል? ዩፒኤስ ስለሆነ ነው እንጂ ትንሽ ድርጅት ቢሆን ውሳኔው ሲወጣ ስሙን የሚያስታውስም አይገኝ።

ውህደት ላይም ያው ነው። ገዢው ድርጅት ከሌሎቹ ተጫራቾች ሁሉ የላቀ ዋጋ ያቀርባል፤ እናንተ የገበያ ድርሻውን ትለካላችሁ፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ግን ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ኅብረቱ ከ2023 ጀምሮ ስለ ውጭ አገር ድጎማ አዲስ ደንብ ሥራ ላይ አውሏል። ትልልቅ ግዢዎችና ትልልቅ የመንግሥት ጨረታዎች ላይ የሚቀርቡ ኩባንያዎች ከሌሎች መንግሥታት ያገኙትን ገንዘብ አስቀድመው ማሳወቅ አለባቸው። በፌብሩዋሪ 2024 የመጀመሪያው ጥልቅ ምርመራ የተከፈተው ለቡልጋሪያ 20 የኤሌክትሪክ ባቡሮች ለማቅረብ በተወዳደረው የቻይናው መንግሥታዊ ባቡር አምራች ሲአርአርሲ ሥር ባለ ድርጅት ላይ ነበር፤ በማርች መጨረሻ ድርጅቱ ከጨረታው ወጣ። እዚህ ላይ ግን ጎንተል ላድርጋችሁ። የጎረቤትን ድጎማ ማየት ሁሉም ይወዳል። የራስን ማየት ነው ዳገቱ።

«ለዚህማ የዓለም ንግድ ድርጅት አለ» የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ፣ የድጎማ ስምምነቱም ከ1995 ጀምሮ ይሠራል። ግን እዚያ የሚከሰው መንግሥት ነው፣ የሚከሰሰውም መንግሥት ነው፤ ጉዳት የደረሰበት ድርጅት በሩን አያንኳኳም። የአውሮፕላን አምራቾቹን የኤርባስንና የቦይንግን ድጎማ ነገር ተመልከቱ። አሜሪካና አውሮፓ የተካሰሱት በ2004 ነው። ሁለቱም ጥፋተኛ ተባሉ። አሜሪካ በ2019 በዓመት እስከ 7.5 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ሸቀጥ ላይ አጸፋ እንድትወስድ ተፈቀደላት፣ አውሮፓ በ2020 ወደ 4 ቢሊዮን ገደማ። አጸፋው በማን ላይ ወደቀ? በወይን ጠጅና በአይብ አምራቾች ላይ ጭምር! አውሮፕላን ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ዕዳ ከፈሉ። በ2021 ሁለቱ ወገኖች ለ5 ዓመት ተኩስ እናቁም ተባባሉ። ለድጎማው ዋጋ የከፈለው ወይን ጠማቂው ሆኖ ቀረ።

አሁን ደግሞ ሰበቦቹ ላይ። የመጀመሪያው «ጊዜ የለንም፣ ቀውስ ነው» የሚለው ነው። በኮቪድ ጊዜ፣ በማርች 2020፣ ዴንማርክ በተሰረዙ ዝግጅቶች ለከሰሩ አዘጋጆች 12 ሚሊዮን ዩሮ ልካስ ብላ ጠየቀች። ኮሚሽኑ በ24 ሰዓት ውስጥ ፈቀደ። ከተፈለገ ይቻላል። በዚያው ዓመት ግን ለጀርመኑ አየር መንገድ ለሉፍታንዛ የተፈቀደው የ6 ቢሊዮን ዩሮ ድጋፍ በፍርድ ቤት የተሻረው በሜይ 2023 ነው፤ የተሻረውም ቅድመ ሁኔታዎቹ በደንብ አልተመረመሩም ተብሎ ነው። በዚያን ጊዜ የጀርመን መንግሥት አክሲዮኑን ሸጦ ከወጣ ወራት አልፈው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። ቁጥጥሩ መጀመሪያ ላይ ካልጠነከረ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ለታሪክ መጻሕፍት ብቻ ይሆናል።

ቁጥጥር ኖሮም ሁሉ ነገር አማን አይሆንም፣ ይሄን መደበቅ የለብኝም። ከዩክሬን ጦርነት በኋላ ደንቡ ላላ ሲደረግ፣ በ2023 መጀመሪያ ኮሚሽኑ ራሱ እንዳስታወቀው ከተፈቀደው 672 ቢሊዮን ዩሮ ውስጥ 53 በመቶው የጀርመን፣ 24 በመቶው የፈረንሳይ ነበር። ኪሱ የወፈረ መንግሥት ሲፈቀድለት ይረጫል፤ ሌላው ቆሞ ያያል። ስለዚህ «አይተን ፈቀድን» ብቻ አይበቃም፣ ድምሩንም የሚቆጥር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሰበብ «ባንኩ ቢወድቅ ሁላችንም እንወድቃለን» ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። በ2008 እና በ2009 የእንግሊዝ መንግሥት ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድን ለማዳን 45 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ አፍስሷል፣ ባያፈስ ምን ይመጣ እንደነበር ማሰብ ያስፈራል። ግን በነጻ አልሆነም። ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ ባንኩ ከ300 በላይ ቅርንጫፎቹን ለሌላ እንዲሸጥ ነበር። ሽያጩ ለዓመታት ተጎትቶ አልሳካ ሲል፣ በምትኩ 775 ሚሊዮን ፓውንድ ለትናንሽ ተወዳዳሪ ባንኮች ማጠናከሪያና ደንበኞች ወደነሱ እንዲሻገሩ ማበረታቻ ተመደበ። ይሄ ደስ ይላል፤ የዳነው ድርጅት ላልዳኑት ተፎካካሪዎቹ ካሰ። መደጎም ግድ ከሆነ እንኳን ሕመሙን የሚያካፍል መንገድ አለ፣ ግን መንገዱን የሚያሳይ ሰው ጠረጴዛው ላይ መኖር አለበት። እናንተን ማለቴ ነው።

ሦስተኛውን ሰበብ እኔም በቀላሉ አልገፋውም። የአውሮፓ ኮሚሽን ከአባል መንግሥታቱ በላይ ስለተቀመጠ ነው የሚደፍረው፤ እናንተ ግን በጀታችሁን የሚሰጠው ድጎማውን የሚሰጠው ያው መንግሥት ነው። እውነት ነው። የእጁን እየበላህ እጁን ያዝ ማለት ከባድ ነው። ታዲያ እንግሊዝ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ ያደረገችውን እዩ። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ በሚሠራው ሕጓ መሠረት ትልልቅና አወዛጋቢ ድጎማዎች ከመሰጠታቸው በፊት በውድድር ባለሥልጣኑ ውስጥ ወዳለ አንድ ክፍል ይላካሉ። ክፍሉ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ሪፖርቱን ለሕዝብ ያወጣል። አስተያየቱ አያስገድድም፣ ሰጪው ችላ ሊለው ይችላል። መጀመሪያ ሳነበው ጥርስ የሌለው ነገር ብዬ ነበር፤ አሁንም ጥርሱ ወተት ነው እላለሁ። ግን ሪፖርቱ በአደባባይ ይቀመጣል፣ ድጎማው በመዝገብ ይሰፍራል፣ ጉዳት የደረሰበት ተፎካካሪም በውድድር ይግባኝ ችሎት ሊከስ ይችላል፤ ክሱ ውስጥ ያ ሪፖርት ምን ያህል እንደሚጠቅመው አስቡት። ከመንግሥት ጋር ሳትጋጩ ለሌላው ማስረጃ ማስያዝ ትችላላችሁ ማለት ነው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ማንኛውም ሰጪ አካል፣ ሚኒስቴርም ይሁን የክልል ወይም የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ባንክ፣ ከተወሰነ መጠን በላይ ለአንድ ኩባንያ የሚሰጠውን ጥቅም ከመፈረሙ በፊት ያሳውቃችሁ። ዋስትናና የግብር ውሳኔም ይቆጠሩ፤ እነሱ ካልተቆጠሩ ሕጉ ባይወጣ ይሻላል፣ ሁሉም ወደዚያው ይጎርፋልና። እናንተም በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሦስት ነገር መልሱ፦ የግል ባለሀብት ይህን ያደርገው ነበር ወይ፣ የተባለው ዓላማ ያለዚህ ገንዘብ አይሳካም ወይ፣ ከገበያው የሚጎዳው ማን ነው። ቁጥሩም ለሕዝብ ይውጣ። አውሮፓ ውስጥ ብዙዎቹ ድጎማዎች ከ100 ሺህ ዩሮ በላይ ከሆኑ የተቀባዩ ስም ጭምር ይወጣል፣ እስካሁን በዚህ ምክንያት የፈረሰ መንግሥት አላየንም። የተጎዳ ተፎካካሪ ፍርድ ቤት የሚሄድበት በር ይከፈት፤ ሕግ ተጥሶ የተከፈለው ከነወለዱ ይመለስ። ከወጪ በታች መሸጥንና ውህደትን በምትመረምሩበት ቅጽ ላይም አንዲት ጥያቄ ጨምሩ፦ ባለፉት ዓመታት ከማንኛውም መንግሥት ምን አገኘህ? ይቺን ለመጨመር አዲስ አዋጅ የማያስፈልጋችሁ ብዙ ናችሁ ብዬ እገምታለሁ።

የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች ይህን ስታነቡ «ደግሞ ሌላ ቢሮክራሲ» እንደምትሉ አውቃለሁ። ለእናንተም ይበጃችኋል እኮ። ኩባንያ መጥቶ «ካልሰጣችሁኝ ወደ ጎረቤት እሄዳለሁ» ሲላችሁ «የሕጉን ምርመራ ካላለፈ እጄ ታስሯል» የምትሉበት ምክንያት ታገኛላችሁ። ካንሳስና ሚዙሪ ይህን ምክንያት ለማግኘት ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው አይታችኋል።

የውድድር ባለሥልጣናት ሆይ፣ መልሳችሁን በግል ሳይሆን በይፋ ብትጽፉልን እወዳለሁ። መልሱ «ሕጉ ይህን ሥልጣን አልሰጠንም» ከሆነም ግድ የለም፣ እሱኑ ጻፉ፤ የትኛው አንቀጽ እንደሚያግዳችሁና በምን ቃል ቢሻሻል እንደሚበቃችሁ ጨምራችሁ። ሕግ አርቃቂዎቹ ይህንኑ ደብዳቤ እያነበቡት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ግብር ከፋይ